የአምስት ሳንቲም ሱቅ ለምን ይናፈቃል?



የዛሬው ዲስኩሬ ስለ አንድ የሱቅ ዓይነት ነው። አሜሪካኖች «አምስትና አሥር» ይሉት ነበር። መርፌና ክር፣ አዝራርና ጥብጣብ፣ የሸክላ ሳህንና የቆርቆሮ ኩባያ፣ ማበጠሪያ፣ የፎቶ ክፈፍ፣ አሻንጉሊት፣ ከረሜላ፣ አንዳንዴም በመስታወት ገንዳ የሚዋኙ ወርቃማ ዓሦች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡበት፣ በየትንሹ ከተማ ዋና ጎዳና ላይ ከባንክና ከፖስታ ቤት ጎን የሚገኝ የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ ነበር። ሱቁ ከጠፋ አንድ ትውልድ አልፎታል፤ ናፍቆቱ ግን አልጠፋም። ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ የሚለው የጣውላ ወለል፣ በሚዛን እየተመዘነ በወረቀት ከረጢት የሚሰጠው ከረሜላ፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው የሚጠጡት ቡና በአዛውንቶች ጨዋታ፣ በትናንሽ ከተሞች ሙዚየሞችና በድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሳል። ይህ ናፍቆት ሊመረመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሰው የትውልድ መንደሩን ወይም ያደገበትን ደብር ቢናፍቅ አይገርምም፤ ርካሽ ሸቀጥ የሚሸጥበትን ቤት ሲናፍቅ ግን አንድ ነገር እየነገረን ነው። እኔ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ የተናፈቀው ዕቃው ወይም የዋጋው ርካሽነት ሳይሆን፣ ኪሱ ውስጥ አንድ ሳንቲም ብቻ ያለው ሰው እንደ ሙሉ ደንበኛ የሚቆምበት፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ሳይባል የሚገባበት፣ ከከተማው ሰው ሁሉ ጋር የሚተያይበት ቦታ ነው። ይህን ቦታ ያጡ ሰዎች ናፍቆት እንደ ምስክርነት ሊሰማ ይገባዋል። ምስክርነት እንደመሆኑም መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብበት ይገባል፤ ጥያቄዎቹንም አላልፋቸውም።

አስቀድሞ ታሪኩን ላስቀምጥ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍራንክ ዊንፊልድ ዉልዎርዝ በ1852 በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የእርሻ ሥራ አልሆንለት ብሎ ዋተርታውን በምትባል ከተማ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። በ1878 አሠሪዎቹ ጥቃቅን ዕቃዎችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ማንኛውም ዕቃ በአምስት ሳንቲም እንደሚሸጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ አቆሙ፤ ጠረጴዛው ወዲያው ባዶ ሆነ። ዉልዎርዝ ከዚህ ጠረጴዛ ሙሉ ሱቅ አየ። በ1879 የካቲት ላይ ዩቲካ ከተማ የከፈተው የመጀመሪያ ሱቁ በወራት ውስጥ ከሰረና ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን ግን ፔንሲልቬንያ ውስጥ በላንካስተር ሌላ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ 127 ዶላር ከ65 ሳንቲም ሆነ። ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአምስት ሳንቲም የሚበልጥ ዕቃ በሌለበት ሱቅ ይህ ማለት በአንድ ቀን ከ2,500 በላይ ዕቃዎች ከሱቁ ወጡ ማለት ነው። ቆየት ብሎ የአሥር ሳንቲም ዕቃ ተጨመረ፤ «አምስትና አሥር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ1912 ዉልዎርዝ ከዘመዶቹና ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ 596 ሱቆች ያሉት አንድ ኩባንያ አቋቋመ። በማግስቱ ዓመት ኒው ዮርክ ላይ የተመረቀው የዉልዎርዝ ሕንፃ 241 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ እስከ 1930 ድረስ በዓለም ረጅሙ ሕንፃ ሆኖ ቆየ። ለግንባታው የወጣው 13 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያለ ብድር የተከፈለ ነበር፤ ምንጩም በአምስት አምስት ሳንቲም የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ክሬስጊ፣ ክሬስ፣ ማክሮሪ፣ መርፊ፣ ኒውበሪ የሚባሉ ተፎካካሪዎችም በዚያው መንገድ ተከትለው አደጉ።

አሁን ከኩባንያዎቹ ወደ ሱቁ ውስጥ እንግባ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ዕቃው ከባንኮኒው ኋላ በመደርደሪያና በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ገዢው የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሻጩ ያወርድለታል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ሻጩ ብቻ በሚያውቀው ምልክት ይጻፍ ስለነበር በገዢው አለባበስና አነጋገር ልክ ከፍም ዝቅም ይል ነበር። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በመስኮቱ በኩል «ሳሙና አለ?» ብለን የምንጠይቅበት የሰፈራችን ሱቅ አሠራሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የሰፈራችን ሱቅ የራሱ ደግነት አለው፤ ባለሱቁ የማን ልጅ እንደሆንን ያውቃል፣ ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ ይሰጣል። ዱቤ ለማግኘት ግን መታወቅ ያስፈልጋል፤ ባለሱቁ ያላወቀውና ያላመነው ሰው ምንም የለውም። የአምስት ሳንቲም ሱቅ ሌላ ስምምነት ይዞ መጣ። ዱቤ የለም፣ ክርክር የለም፤ ዕቃው ሁሉ በሰው ወገብ ቁመት ባለ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፣ ይነካል፣ ይገለበጣል፤ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ከዕቃው አጠገብም ተጽፏል። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ባታውቅም የያዘችውን ሳንቲም አሳይታ ትገዛለች። የገበሬው ሚስት በቁሟ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥብጣብ ስታማርጥ ውላ በመጨረሻ የአምስት ሳንቲሙን ገዝታ ብትወጣ የሚያስቀይማት ሰው አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ በእጁ የጨበጣትን ሳንቲም በምን እንደሚያውላት በራሱ ይወስናል። ለብዙ ልጆች ይህ ያለ አዋቂ ጣልቃ ገብነት ያደረጉት የመጀመሪያው የገንዘብ ውሳኔ ነበር፤ ሱቁ በልጅነት ትውስታ ውስጥ እንዲህ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል።

በትንሽ ከተማ ደግሞ ይህ አሠራር ሌላ መልክ ያዘ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይበልጥ የሚያተኩሩት ብዙ ሕዝብ ባለበት ላይ ነበርና፣ አነስተኛዎቹን ከተሞች በብዛት የሸፈነው ቤን ፍራንክሊን የሚባለው ስም ነው። ይህ ስም የበትለር ብራዘርስ ነበር፤ ኩባንያው በጅምላ ንግድ የታወቀ ሲሆን በ1927 በከተማው የሚኖር ባለሱቅ በራሱ ገንዘብ ሱቅ ከፍቶ ስሙን፣ የዕቃ አቅርቦቱንና የሒሳብ አያያዙን ከኩባንያው የሚያገኝበትን ፍራንቻይዝ ጀመረ። ስለዚህ የሱቁ ባለቤት ከተማው ውስጥ የሚኖር፣ ልጆቹ ከደንበኞቹ ልጆች ጋር የሚማሩ፣ እሑድ ከደንበኞቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጥ ሰው ነበር። የሱቁ ቦታም ተራ ጉዳይ አልነበረም። ቅዳሜ ገበሬው እህሉን ሊሸጥ ወይም የማረሻ ዕቃ ሊገዛ ከተማ ሲገባ ቤተሰቡ የሚጠብቅበት፣ ዝናብ ሲጥል የሚጠለሉበት፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ወደ ቤት ሲሄዱ የሚያቋርጡበት ሱቅ ነው። ሶሺዮሎጂስቱ ሬይ ኦልደንበርግ በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ከቤትና ከሥራ ቦታ ቀጥሎ ለሰው ልጅ አስፈላጊ የሆነ ሦስተኛ ቦታ እንዳለ ሲያስረዳ ከቡና ቤቶችና ከፀጉር ቤቶች ጋር የትንሽ ከተማ ሱቆችን የቆጠረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚህ ላይ ትልልቆቹ ሱቆች የምሳ ባንኮኒ ጨመሩ። ረጅም ባንኮኒ፣ ከፊቱ የሚሽከረከሩ ክብ ወንበሮች፣ ከኋላው ቡናና ሳንድዊች የምታዘጋጅ አስተናጋጅ። ባንኮኒ ላይ የሚቀመጥ ሰው አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ አይመርጥም፤ የባንኩ ሥራ አስኪያጅና የጋራዡ ሠራተኛ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይነሳል። ይህ ሱቅ ራሱ የትንሹን ከተማ ነጋዴ ያጠፋው ባዕድ አልነበረም ወይ? ጥያቄው እውነት አለው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሱቆች ላይ ከባድ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ተቃዋሚዎቹ የከተማው ገንዘብ ወደ ኒው ዮርክና ቺካጎ እየፈሰሰ ነው፣ የአካባቢው ነጋዴ እየከሰረ ነው ይሉ ነበር። ግዛቶች በቅርንጫፎች ብዛት ልክ የሚጨምር ልዩ ግብር ጣሉ፤ የኢንዲያናው ግብር በ1931 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጋዊ ነው ተባለ፤ በ1936 ደግሞ ኮንግረስ ትልልቅ ገዢዎች ከአምራቾች የሚያገኙትን ልዩ ቅናሽ የሚገድበውን የሮቢንሰን–ፓትማን ሕግ አወጣ። ዛሬ የጥንቱ የከተማ ሕይወት ምልክት የሆነው ሱቅ በዘመኑ የጥንቱን የከተማ ሕይወት አጥፊ ተብሎ ተከሶ ነበር ማለት ነው። ክሱ ግን ሐሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሰዎች የሚናፍቁት ባለቤትነቱን ወይም የካፒታሉን ምንጭ ቢሆን ኖሮ ዉልዎርዝን ጠልተው ከእሱ በፊት የነበረውን ነጋዴ ብቻ ባስታወሱ ነበር። የኒው ዮርኩ ኩባንያ ቅርንጫፍም፣ የከተማው ሰው የያዘው ቤን ፍራንክሊንም በእኩል የሚናፈቁት ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ነገር ስላለ ነው፤ እሱም የዕቃው አደራደርና የሱቁ ቦታ ነው። ባለቤቱ ከየትም ይምጣ፣ ሱቁ በከተማው መሀል በእግር ተደርሶ የሚገባበት ቤት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሠራተኞቹ ነው፤ ይህም ሊሸፈን አይገባም። ዕቃው ራሱን ይሸጣል ከተባለ ሻጩ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም ማለት ነው። ዉልዎርዝም ሆነ ተከታዮቹ ይህን በደንብ ያውቁ ነበርና ወጣት ሴቶችን በዝቅተኛ ደመወዝ በብዛት ቀጠሩ። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ርካሽ ዋጋ ከጠረጴዛው ወዲህ በቆመችው ልጅ እግር ላይ የተጫነ ነበር። በ1937 የካቲት መጨረሻ ዲትሮይት ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑ የዉልዎርዝ ሴት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሱቁን ለቀው አንወጣም አሉ፤ እዚያው በልተው እዚያው አድረው አንድ ሳምንት ያህል ቆዩ። በመጨረሻ በሰዓት የአምስት ሳንቲም ጭማሪ አገኙ። በዘመኑ የአንዲትን ሠራተኛ የሰዓት ጉልበት ዋጋ ከፍ ለማድረግ የተደረገው ትግል በዚያችው በአምስት ሳንቲም ልክ መለካቱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የአምስት ሳንቲም ሱቅን የሚናፍቅ ሰው ስለ ደግ ዘመን የሚያወራ ከሆነ እቃወመዋለሁ። ዘመኑ ለሻጮቹ ደግ አልነበረም። ለገዢው የሰጠው ክብር ግን እውነተኛ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር የሆኑ እውነቶች ናቸው፣ አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ አይገባም።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ማንም የሚገባበት» ስትል ማንን ማለትህ ነው? በደቡብ ግዛቶች ጥቁር አሜሪካዊው በሱቁ በር ይገባ ነበር፤ ሳሙና፣ ክርና ደብተር ይገዛ ነበር፤ የምሳ ባንኮኒው ላይ ግን መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር። በ1960 የካቲት 1 ቀን በኖርዝ ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማ ኤዜል ብሌር ታናሹ፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይንና ጆሴፍ ማክኒል የተባሉ አራት የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ዉልዎርዝ ገቡ። በመጀመሪያ ያደረጉትን ልብ እንበል። ከሌላው ጠረጴዛ የጥርስ ሳሙናና ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ምሳ ባንኮኒው ሄደው ተቀመጡና ቡና ጠየቁ። አንሰጥም ሲባሉ ሱቁ እስኪዘጋ ከወንበሩ አልተነሱም። በማግስቱ ሌሎች ተማሪዎች ተጨመሩ፤ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ይኸው ተቃውሞ ከ50 በላይ ከተሞች ደረሰ። ዉልዎርዝ ግሪንስቦሮ ላይ በሐምሌ 25 ቀን ሥርዓቱን ሲለውጥ በባንኮኒው መጀመሪያ የተስተናገዱት የራሱ የሱቁ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ ያ ሕንፃ የሲቪል መብት ሙዚየም ነው፤ ከባንኮኒው የተቆረጠ ክፍል ደግሞ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ይታያል።

ብዙዎች ይህን ታሪክ የናፍቆቱ ማፍረሻ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ተማሪዎቹ ክርክራቸውን የገነቡት በሱቁ በራሱ አሠራር ላይ ነው። በአንዱ ጠረጴዛ ሳንቲሜን ተቀብለህ ደረሰኝ ከሰጠኸኝ፣ አሥር ሜትር ርቆ ባለው ባንኮኒ ያው ሳንቲም ለምን ዋጋ ያጣል? ጥያቄው እንዲህ ስለት ሊኖረው የቻለው ሱቁ ለማንም በአንድ ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ ቃል ስለ ገባ ነው። በአባልነት በሚገባ ክበብ ወይም በውድ ሆቴል ይህ ጥያቄ በዚህ መልክ ሊነሳ አይችልም ነበር። ትግሉ ለአንድ ሲኒ ቡና አልነበረም፤ በከተማው መሀል እንደ ሰው መቀመጥ ለሚባል ነገር ነው። ሰዎች ስድብና ድብደባን ችለው፣ እስር ቤት ገብተው የጠየቁት ነገር ከንቱ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሱቁን ናፍቆት ነጭ አሜሪካውያን ብቻ የሚያወሩት የልጅነት ወግ አድርጎ መተው፣ ያንን ወንበር በመስዋዕትነት ያገኙትን ሰዎች ፍርድም መናቅ ይሆናል። ከታሪኩ የሚያሳዝነው ነገር ጊዜው ነው። ባንኮኒው ለሁሉም በተከፈተ በሁለት ዓመት ውስጥ ሱቁን የሚያጠፋው ነገር ተወለደ።

ያ ዓመት 1962 ነው። መሠረቱ የተጣለው ቀደም ብሎ በ1956 የአገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎች ሕግ ሲወጣ ነው፤ በዚያው ዓመት ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴል የተባለው ሙሉ በሙሉ በጣሪያ የተሸፈነ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። መኪና የያዘ ሰው ከከተማ ወጥቶ መግዛት ጀመረ። በ1962 ክሬስጊ ኬማርት የተባለውን፣ ዉልዎርዝ ዉልኮ የተባለውን የቅናሽ መደብር ከፈቱ፤ ታርጌትም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ሐምሌ 2 ቀን ደግሞ ሳም ዋልተን የተባለ ሰው አርካንሶ ውስጥ ሮጀርስ በምትባል ከተማ ዋልማርትን ከፈተ። ዋልተን ንግድን የተማረው በአምስት ሳንቲም ሱቅ ውስጥ ነበር። በ1945 ኒውፖርት ከተማ ከአማቱ ተበድሮ የቤን ፍራንክሊን ሱቅ ገዛ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ለፍቶ ካቀናው በኋላ የሕንፃው ባለቤት ኪራዩን አላድስም ስላለው ለቆ ሦስት ሺህ ያህል ነዋሪ ወዳላት ቤንተንቪል ሄደና በአደባባዩ ላይ «ዋልተንስ አምስትና አሥር» የሚል ሱቅ ከፈተ። የቅናሽ ሱቅ ሐሳቡን ለበትለር ብራዘርስ ሲያቀርብላቸው አልተቀበሉትም፤ እሱም በራሱ መንገድ ሄደ። ዋጋን ዝቅ ማድረግን ከአምስት ሳንቲም ሱቅ ወረሰ፤ የሱቁን ቦታ ግን ወደ ከተማ ዳርና ወደ መኪና ማቆሚያ ሜዳ አዛወረው። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሌላው ተፎካካሪ ደብሊው ቲ ግራንት በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሰረ፤ ዉልዎርዝ በ1997 በአሜሪካ የቀሩትን ከ400 በላይ ሱቆች እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቤንተንቪሉ አምስትና አሥር የፊት ገጽ ዛሬ የዋልማርት ሙዚየም አካል ሆኖ በዚያው አደባባይ ይታያል። የዓለም ትልቁ ቸርቻሪ እንኳ መነሻውን ለጎብኚ ሲያሳይ የሚያሳየው የመጀመሪያውን የቅናሽ መደብር ሳይሆን ያንን የአደባባይ ሱቅ ነው።

አራተኛው ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ነው። ዕቃው ዛሬ ርካሽ፣ ምርጫው ሰፊ አይደለም ወይ? ነው። ድሃ ቤተሰብ በዋልማርት የሚያተርፈው ገንዘብ እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ወር መጨረሻ ላይ ገንዘብ ቆጥሮ የማያውቅ መሆን አለበት። ነገር ግን ሒሳቡ በሙሉ ይሠራ። ወደ ዳር የወጣው ሱቅ መኪናን የመግቢያ ዋጋ አደረገው። መኪና የማይነዳ ሽማግሌ፣ መንጃ ፈቃድ ያልደረሰ ልጅ፣ መኪናዋን ባሏ ይዞባት የሄደ ሴት በአምስት ሳንቲም ይገቡበት ከነበረው ሱቅ ውጪ ቀርተዋል። ለዚህ ክርክር የተሻለው ማስረጃ የዶላር ሱቆች ናቸው። ዶላር ጄኔራል ኬንታኪ ውስጥ በ1955 በዚህ ስም የመጀመሪያ ሱቁን ከፈተ፤ ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሱቆች አሉት፤ ብዙዎቹም በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ናቸው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ዕቃው ልዩ ልዩ ነው፣ ከሳሙና እስከ አሻንጉሊት አለው። በዕቃና በዋጋ ብቻ ከሄድን የአምስት ሳንቲም ሱቅ ቀጥተኛ ወራሽ እሱ ነው። ሆኖም የአምስት ሳንቲም ሱቅ የሚናፈቀውን ያህል ሲወደድ አይታይም፤ እንዲያውም አንዳንድ ከተሞች እንዳይበዛባቸው ገደብ አውጥተዋል። በመንገድ ዳር ብቻውን የቆመ ቤት ነው፤ በአንድ ፈረቃ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ብቻ ስላለው ዕቃ የሚደረድረውም፣ ሒሳብ የሚቀበለውም ያው ሰው ነው፤ የሚቀመጡበት ቦታ የለውም። ርካሽነት ብቻውን ፍቅር ቢያስገኝ ኖሮ ይህ ሱቅ በተወደደ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ የሁሉም ናፍቆት ጠላት ነው፦ ይህ የልጅነት ጉዳይ ብቻ ነው፣ ሰው ልጅነቱን እንጂ ሱቁን አይናፍቅም ይባላል። በከፊል እቀበለዋለሁ። ይሁን እንጂ ያው ትውልድ በልጅነቱ ባንክ፣ ነዳጅ ማደያና የጥርስ ሐኪም ቤትም ገብቷል፤ እነዚያ እንዲህ አይነሱም። ትውስታ ይመርጣል፤ ምርጫውም ምክንያት አለው። ደግሞም ያን ዘመን ያልኖሩ ሰዎች ወደተረፉት ሱቆች ይሄዳሉ። በኒው ዮርክ ግዛት ኢስት ኦሮራ ከ1930 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለው ቪድለርስ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ሃሪስቪል ከ1908 ጀምሮ ያለው በርዳይንስ ዛሬም ከረሜላና ጥቃቅን ዕቃ ይሸጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳምነኝ ከዚያ አገር የልጅነት ትውስታ ፈጽሞ የሌላቸው ሰዎች የሠሩት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆችን ተመልከቱ። እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበናና ሲኒ፣ ዕጣን፣ ነጠላ በአንድ ክፍል ይሸጣሉ፤ በሩ ላይ የሚከራይ ክፍል፣ የለቅሶና የኮንሰርት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለእንጀራ የገባ ሰው የአገር ቤት ወሬ ሰምቶ፣ ሥራ የሚቀጥር ሰው ስልክ ይዞ ይወጣል። እነዚህን ሱቆች የከፈቱ ሰዎች የዉልዎርዝን ዘመን ሊመልሱ አልተነሱም። አዲስ አገር የገባ ሰው ያለ ብዙ ገንዘብና ያለ ሰበብ የሚገባበት ቦታ ስለሚያስፈልገው፣ ፍላጎቱ ራሱ ሱቁን በዚያ መልክ ሠራው።

ታዲያ ሊመለስ ይችላል ወይ? የድሮው ሱቅ በድሮው መልኩ አይመለስም፤ እንዲመለስም አልመኝም፤ ደመወዙንም የቀለም ድንበሩንም ይዞ ነውና። የሱቁ መሠረታዊ አሠራር ግን ሊወሰድ ይችላል፤ የወሰደውም ከተማ አለ። በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜን፣ በአዲሮንዳክ ተራሮች መካከል ሳራናክ ሌክ የሚባል አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ያለው መንደር አለ። ኤምስ የሚባለው የቅናሽ ሱቅ በ2002 ሲዘጋ ሰዎች የውስጥ ልብስና አንሶላ ለመግዛት እስከ ፕላትስበርግ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዱ ጀመር። ዋልማርት ልግባ ሲል ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ከዚያም ነዋሪዎቹ በራሳቸው የሚያስተዳድሩት ሱቅ ለመክፈት አክሲዮን መሸጥ ያዙ። አንዱን አክሲዮን 100 ዶላር አደረጉት፤ ማንም ሰው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ እንዳይገዛም ገደቡ። ሀብታም አንድ ሰው ሱቁን እንዳይጠቀልለው፣ ጡረተኛውና አስተማሪው ግን እንዳይቀሩ የታሰበ ነበር። 500 ሺህ ዶላር ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ኢኮኖሚው በተናጋበት ጊዜ ነበርና ብዙዎች አይሳካም ብለው ነበር። በ2011 ጥቅምት መጨረሻ ሱቁ በዋናው ጎዳና ላይ ተከፈተ፤ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ የእጅ ሥራ መሥሪያና አሻንጉሊት ይዞ። በ1879 ላንካስተር ላይ ዝቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ ለገዢው የከፈተውን በር፣ እዚህ ደግሞ ዝቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ ለባለቤትነት ከፈተው፤ በ100 ዶላር አንድ አክሲዮን የገዛች ጡረተኛም የከተማዋ ሱቅ ባለቤት ሆነች።